ከጉብታው ማዶ

ይህች ልጅ ጫማዋን ለምን አታወልቅም? ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደጃፍ ላይ ወርውራው በባዶ እግሯ የምትገባው የልጅ ልጄ፣ ዛሬ ክሩን እንዳጠበቀች ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ስሰጣት በአንድ ትንፋሽ ትጨልጠዋለች፤ ስደግማትም እንዲሁ።

መንገድ ያስታርቀናል ብለው ነበር እሷና ባሏ በመኪና የወጡት። «በረሃው እንዴት ነበር የኔ እናት?» እላታለሁ።

የሚመልሰው ባሏ ነው። «እሱንማ እኔ ላጫውትዎት እማማ!» የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። «ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ አሸዋ ብቻ። እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋለች። ለሽንት ብላ ወርዳ ከድንጋይ ጀርባ ስትሄድ፣ እኔ ሆዬ መኪናዬን አስነስቼ እብስ!»

«ጥለሃት?»

«ቀልድ ነው እኮ! ኩርፊያዋ እንዲለቃት ብዬ ነው። መኪናውን ከአንድ ጉብታ ማዶ አቁሜ፣ ጉብታው አናት ላይ ተኝቼ አያታለሁ። ስትሮጥ ቢያዩዋት እማማ፣ በሳቅ ይፈርሱ ነበር!»

«ውሃውስ?»

«መኪና ውስጥ ነዋ።»

ትዳር ነው፣ በሳቅም ይቆማል እያልኩ ፊቴን ለፈገግታ አዘጋጃለሁ።

«ስትደርስብኝ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣» ይላል፣ «በሩን ከፍታ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ አለቀ። እዚህ እስክንደርስ አንዲት ቃል አልወጣትም። በማን ወጥታ ነው እንዲህ ቀልድ የማይገባት? እርስዎ እንኳ ጨዋታ አዋቂ ነዎት።»

እንደ ምንም ጎንበስ ብዬ እግሯን እይዛለሁ። «ነይ ላውልቅልሽ። ዛሬ እዚሁ እኔ ጋ እደሪ፣ እሺ በይኝ።» ክሩን ስነካው አሸዋው ምንጣፌ ላይ ይፈስሳል። እጄን ቀስ አድርጋ ታነሳዋለች።

«ስትሮጥ አሸዋው ላይ እንዴት እንደወደቀች ላሳይዎት፣ ከሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው!» ሁለት እጅ ያስፈልገዋልና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ይነሳል። ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አፉን ከፍቶ ይንገዳገዳል።

እሷ ትነሳለች። ግንባሬን ትስመኛለች፤ ከንፈሯ ይሻክራል። ቁልፉን አንስታ በሩን ከፍታ ትወጣለች።

የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። ባሏ ክንዶቹን ሳያወርድ ይስቃል። «አዩዋት! ብድሯን ልትመልስ ነው። መታጠፊያው ጋ ነው የምትቆመው።»

ጆሮውን ወደ መንገዱ ያዘነብላል። እኔም አዳምጣለሁ። መኪናው መታጠፊያውን አልፎ ይሄዳል፤ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይጠፋል። እሱ ጉልበቱን እንዳጠፈ፣ ክንዶቹን እንደዘረጋ ነው።