ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር

«አምስት ነው እንጂ አራት አይደለም» አለች ልጅቷ። አሮጌውን ፎቶ ስፌት መኪናው ላይ፣ መርፌው ሥር አስቀመጠችው። «ይኸው፣ ቆጥሬያለሁ።»

የሽማግሌው እግር መርገጫው ላይ ቆመ። በጠባቧ የልብስ ስፌት ሱቅ ጥግ ላይ ያለቀ ሱሪ ታጣጥፍ የነበረችው ሴት ልጃቸው ክው አለች።

ጥፋቱ የራሷ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ወጣቶች ሰብስባ የቤተሰባቸውን ታሪክ እንዴት እንደሚያጠኑ የምታስተምረው እሷ ናት። መዝገብ ከማገላበጣችሁ በፊት በሕይወት ያሉትን ጠይቁ፣ ትላቸዋለች። ያረጋገጣችሁትን በእስክሪብቶ፣ የተጠራጠራችሁትን በእርሳስ። ፎቶ ላይ ያለውን ሰው ቁጠሩ። ትልቅ ሰው ዝም ሲል ደግሞ ዝምታውን በወሬ አትድፈኑት፤ በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። የወንድሟ ልጅ፣ አያቷ «ዳኛዋ» የሚሏት የአሥራ አምስት ዓመቷ ጠያቂ፣ ይህን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ይዛለች። አክስቷ ሳትነግራት የቀረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ የዚህ ፎቶ ነገር እዚህ ቤት እንደማይነሳ ነው።

እሷ ራሷ በስምንት ዓመቷ ከመሳቢያው አግኝታው «ይሄ ትንሹ ማነው?» ብላ ነበር። አባቷ አልመቷትም፣ አልጮሁባትም። አንድ ወር ሙሉ አላናገሯትም። ከዚያ ወዲህ የሰውን ልጅ ሁሉ «ጠይቁ» ስትል የራሷን አባት ደፍራ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ያ የወር ዝምታ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እዚህ ሱቅ በምትሮጠው፣ ከአያቷ ሌላ የልብ ወዳጅ በሌላት በዚች ልጅ ላይ ሊወርድ ነው።

«ማን አውጪው አለሽ?» አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይሉ።

«መቀስ ስፈልግ ነው ያገኘሁት፣ አባባ። እርስዎ ‹በቤተሰባችን አራት ነን› ብለው አጻፉኝ። እኔም አምኜ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።»

«በቃ ተይው» አለች አክስቷ። ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አባባ ሥራ ላይ ናቸው። ባለሱሪውም አሁን ይመጣል።»

ልጅቷ አክስቷን አየት አደረገቻትና ዝም አለች። ከንፈሯ በቀስታ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረች ነው።

ሽማግሌው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አምስት፣ ስድስት፤ አክስትየዋም ሳታስበው አብራ መቁጠር ይዛለች። ፎቶውን ቀድደው ይጥሉታል ብላ ፈራች። ስምንት። ዘጠኝ።

«ጫማዬ ተፈታ» አሉ።

ልጅቷ መቁጠሯን አቆመች።

«አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ሰዉ እንደ ጉድ ይተራመሳል። እናቴ ትኬት ልትቆርጥ ስትሄድ ‹የወንድምህን እጅ እንዳትለቅ› አለችኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ አራት። የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ። ጫማ ማሰር ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል።» እጆቻቸውን ጨርቁ ላይ ዘርግተው አዩዋቸው። «ቀና ስል የለም።»

አክስትየዋ አባቷ ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርገው አይታ እንደማታውቅ ትዝ አላት። በስምንት ዓመቷ የተቀየሙት እሷን አልነበረም።

«ወረቀትሽን አምጪው፣ ዳኛዋ።»

ልጅቷ የዘር ሐረግ የሚሞላበትን ወረቀት ከነእርሳሱ አቀበለቻቸው። እርሳሱን ወደ ጎን ገፉት።

«እስክሪብቶውን።»

ከስማቸው ቀጥሎ አዲስ ሳጥን ሠሩ፤ ያለማስመሪያ፣ ቀጥ ያለ። ስሙን ጻፉ። የተወለደበትን ዓመት ጻፉ። «የሞተበት ዓመት» የሚለው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ቅጹን ያዘጋጀችው አክስትየዋ ናት፤ ቦታ የሰጠችው ለመወለድና ለመሞት ብቻ ነው።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ የለም። እንደ ተማሪ ነበር የሚያዩዋት።

«የምታስተምሪው አንቺ ነሽ» አሏት። «የጠፋ ሰው እዚህ ጋ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

አባቷ እስክሪብቶውን እንደያዙ ይጠብቃሉ። ልጅቷ አክስቷን ትክ ብላ አየቻትና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች።