ለአንድ ቤት አንድ መርፌ

የጉበት ቫይረስን ከሥሩ የሚያጠፋው መርፌ የመጣ ጊዜ «ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ» የሚል ሕግ ወጣ። ይርገዱና ባሏ ጥሩሰው ሁለቱም ሄፓታይተስ ቢ ስላለባቸው አንዳቸውን መምረጥ አልሆነላቸውም። ሁለት ቤተሰብ ተብለው ሁለቱም እንዲወጉ፣ በተጋቡ በሃያ ዓመታቸው ፍቺ ፈረሙና እሱ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየ። የተፋቱት በእርግጥ ተለያይተው መኖራቸውን ለማጣራት ተቆጣጣሪዎች ድንገት እየመጡ አልጋና ትራስ ይቆጥሩ ስለነበር፣ ይርገዱ የባሏን ትራስ ለጎረቤት ሰጠች።

ከስምንት ወር በኋላ ተራቸው ደርሶ ክሊኒክ ተገናኙ። ወረፋ የያዙት ሕመምተኞች ስለ አንድ አዲስ ጥናት ያወሩ ነበር።

«ባልና ሚስት አብረው ካልታከሙ መድኃኒቱ አይዘልቅም ተብሏል» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት አቶ ደምስ። «ከዛሬ ጀምሮ ቅድሚያ ለባለትዳሮች ነው። የተፋታ ዓመት ይጠብቃል።»

ጥሩሰው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ዓመት? የእኔ ጉበት እኮ መጠጠር ጀምሯል፤ ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የት አግኝቼሽ?»

ይርገዱ ብድግ አለችና እጁን ይዛ ወደ መዝጋቢዋ ሄደች።

«ምንዎ ናቸው?» አለች ልጅቷ።

«ባሌ ነው።»

«መዝገቡ ተፋተዋል ነው የሚለው፣ እናቴ።»

«እንግዲያው መዝገቡን ውጉት!»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የዓመት ቀጠሮ ጻፈችላቸው። ይርገዱ ወረቀቱን ተቀበለች፤ የጥሩሰውን እጅ ግን አልለቀቀችም።

«የመጣው ይምጣ» አለችው። «ዛሬውኑ ወደ ቤታችን ትመለሳለህ።»