ከባሕር ጥግ ያለው ፍልውሃ

ክረምቱ ከባድ ነበር። የምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ አውሮራ በበረዶ ተቀብራ ከረመች። ከማኅበራችን ሦስት ሽማግሌዎች ሞቱ፤ ጓደኛዬ ሕሩይም እግሩ ከድቶት አልጋ ላይ ዋለ።

ሕሩይ በወጣትነቱ መርከበኛ ነበር። ጃፓን አገር፣ ከባሕር ጥግ ባለ ማረፊያ ቤት፣ አንድ ጊዜ ፍልውሃ ታጥቧል። "ሳልሞት እዚያ ውሃ ልግባ" ይላል። እንቢ ልለው አልችልም። ወደ ሱዳን ስንሰደድ ወባ ሲጥለኝ አዝሎ ያሻገረኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሕሩይ ልጅ ስምረት ቤታቸው ሳሎን ተቀምጣ በላፕቶፗ ማረፊያዎቹን ታሳየኛለች። የሕሩይ ክፍል በር ከፊታችን ነው።

"ይሄኛው ደረጃ ይበዛዋል። አባዬን ማን ያወርደዋል?"

"እኔ።"

"ጋሼ፣ እርስዎንስ ማን ያወርድዎታል?" ብላ ሳቀች።

"አንቺ ቡክ አድርጊ ብቻ።"

ሌላ ከፈተች። ፎቶው ላይ አንድ ሽማግሌ ሌላውን አዝሎ፣ ከነሹራቡ ወደሚጨሰው ውሃ ይገባል። ከኋላቸው ባሕር ነው።

"ሲያምሩ" አለች። ምስሉን አጎላችው። ከዚያ ዞራ ሹራቤን አየች። ያዘለው ሽማግሌ ሹራብ አሁን የለበስኩት ቡናማ ሹራብ ነው። ፊቱም የኔ ነው። የታዘለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል።

ስምረት ተነስታ በሩን ከፈተች።

"ጋሼ፣ አባዬ አልጋው ላይ የለም።"

እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ሹራቤን ዳሰስኩት። ረጥቧል፤ ይሞቃል። ጣቴን ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል።

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እኔም በተራዬ ሕሩይን አዝዬ አሻግሬዋለሁ።