ባቡሩን ማን አቆመው?

ሽማግሌው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው እንደ ተኛ ሕፃን ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ይውላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ በቀን መቶ ጊዜ እንዲጨብጡት የጎማ ኳስ ሰጥታቸው ነበር። በመስኮት ወረወሩት።

"በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ስጨብጥ ልዋል? አላደርገውም ብያለሁ፣ አላደርገውም!"

ልጃቸው ኳሱን ከግቢው አንስታ ገባች።

የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የባቡር መንዳት ጌም። አማቻቸው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ሲጭንላቸው አብሮ የጫነው ነው። ለመንዳት ግራ እጅ ብቻውን ይበቃል። ቁርሳቸውን በልተው ተራራውን ይወጡ፣ ድልድዩን ይሻገሩ ነበር።

አንድ ጠዋት ባቡሩ አልነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ አንድ ላይብረሪ ጠፍቷል ይላል።

"ላይብረሪ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲሉ አማቻቸውን ጠየቁት።

"አባባ፣ ጌሙ ብቻውን አይሠራም። ሌሎች ፋይሎችን እየጠራ ነው የሚሠራው፤ ላይብረሪ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ከጎደለ አይነሳም።" ሰዓቱን አየ። "ለማንኛውም ቢተዉትስ? ቀኑን ሙሉ ጌም ላይ ተተክሎ መዋል ለጤናም ጥሩ አይደለም።"

"ብሎን ጎደለ በለኛ! ታዲያ እኔ ብሎን ጎደለ ብዬ ማሽን ትቼ አውቃለሁ?"

የጎደለው እንዴት ተለይቶ እንደሚጫን ልጃቸው ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው። ትእዛዙ ሁሉ በኪቦርድ የሚጻፍ ነው። ትልቁ ፊደል ከትንሹ፣ ነጥቡ ከሰረዙ መለየት አለበት፤ አንዷ ከተሳተች ኮምፒውተሩ አሻፈረኝ ይላል። ለትልቁ ፊደል ደግሞ አንዱ እጅ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ ሌላው ፊደሉን ይመታል።

"አንቺው ጻፊልኛ" አሏት።

"ሥራ ረፈደብኝ፣ አባዬ" ብላ ወጣች።

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ሺፍቱ ላይ ጣሉት። ተንሸራተተ። ደግመው ጣሉት። ምሳ ሰዓት ላይ ባቡሩ ፉጨቱን አሰማ።

በሳምንቱ ሌላ ላይብረሪ ጠፋ። ስሙ ከፊተኛው ይረዝማል። እሱን ሲመልሱ ሦስተኛው ጠፋ። ከዚያ ሁለቱ ባንድ ቀን።

"ፋይል እግር የለው፣ በራሱ አይሄድም" አሉ ለልጃቸው። "ይሄ የባልሽ ሥራ ነው። ጌሙን አልወደደልኝም።"

"እሱ ምን በወጣው፣ አባዬ?" አለች፣ ዓይኗን ከምታጥበው ሳህን ላይ ሳታነሳ።

"ያጥፋ! እሱ ያጠፋል፣ እኔ እመልሳለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን!"

ከዚያ ወዲህ አማቻቸው ሲወጣ ሲገባ በጎሪጥ ያዩት ጀመር። ሰላምታውንም የሚመልሱለት በግማሽ አፋቸው ነው። ሰውየው ግራ ገባው። "ምን አጠፋሁ?" እያለ ሚስቱን ይጠይቃል። "ዝም ብለህ ቻለው" ትለዋለች።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። ሽማግሌው ወረቀቱን ማየት ትተዋል፤ ትእዛዙን በቃላቸው ይመቱታል። ላይብረሪ በጠፋ ቁጥር እጅጌያቸውን ሰብስበው "ና እስቲ!" ይላሉ፣ ቤቱ ውስጥ ለሌለው አማቻቸው።

የቀጠሮው ቀን ልጃቸው ይዛቸው ሄደች። ፊዚዮቴራፒስቷ ሸሚዛቸውን እንዲቆልፉ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ በቀኝ እጃቸው ከላይ እስከ ታች ቆለፉት።

"አማቼ ሊያሸንፈኝ አስቦ ነበር" ይሉ ነበር። "እኔ ግን እጅ አልሰጠሁም!"

ፊዚዮቴራፒስቷ ካርዱ ላይ ጻፈችና ወደ ልጃቸው ዞረች።

"ይበቃል፤ ከዛሬ ጀምሮ ፋይሎቹን ማጥፋት ማቆም ትችያለሽ።"