ሲና ያጠናችው ፊልም

ወሰኔ ስልኩን ከሕፃኗ ፊት ደቀነና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«አባትሽን የገደለው ይኼ ነው። ደህና አድርገሽ እዪው!»

በስልኩ ላይ አዝማሪ ትዕዛዙ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። አዲስ አበባ ገብቶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ጭራሽ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶለታል! ወሰኔ ፊልሙን መሐል ሜዳ ከተማ አስጭኖ እስከ መንደሩ ቀየት ድረስ ጥርሱን ሲያፋጭ ነው የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወሰኔ ታናሽ ወንድም ጌጡ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። ሰርግ ላይ ትዕዛዙ በግጥም ወጋ ቢያደርገው ማሲንቆውን ነጥቆ ግንባሩ ላይ ሰበረበት። አዝማሪው ደሙን እየጠረገ «ሳይውል ሳያድር ዋጋህን ታገኛለህ!» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ጌጡ ከቤቱ ጓሮ ራስ ቅሉ ተፈርክሶ ተገኘ። አዝማሪው ከአገር ጠፍቷል። የጌጡ ሚስት ጌታነሽ ሰርግ ቤት ጉድ ጉድ ስትል ነው ያነጋችው ተባለ። ፖሊስ ማስረጃ አጣሁ ብሎ ተወው። የጌጡ ዘመድ ግን ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ያየች ልጃቸው ሲና ብቻ ናት። ከአባቷ ሬሳ አጠገብ፣ ቀሚሷ በደም ርሶ፣ ቁጭ ብላ አገኟት። ያኔ ገና አፏን እየፈታች ነበር። ዛሬ ስትለፈልፍ ነው የምትውለው፤ የዚያች ሌሊት ነገር ሲነሳ ግን ጭጭ።

ወሰኔ ደም ልመልስ ብሎ ሲነሳ ሽማግሌዎች ያዙት። አዝማሪውም «መጥቼ እምላለሁ» ብሎ ላከ። የነፍስ አባታቸው መምሬ አፈወርቅ ግን መሐላውን አልወደዱትም።

«ትልቅ ሰው ምሎም ይክዳል» አሉ። «ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ኃጢአት አይቆጠርበትም፤ ለውሸት ገና አልደረሰም። ሲና ትየው። እሱ ነው ካለች ለሕግ እንሰጠዋለን። አይደለም ካለች ጠመንጃህን ታወርዳለህ።»

ለሕግ! ወሰኔ እሺ ብሎ ቃሉን ሰጠና በሆዱ ሳቀ። እሱ ነው ትበል ብቻ፤ አዝማሪው ከዚያው ከቆመበት አይነሳም። ይህን ጌታነሽም አላጣችውም።

ስለዚህ በየቀኑ ትምህርት ሆነ። ወሰኔ ፊልሙን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል።

«ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ እዪ። የአባትሽ ምልክት ነው። ማነው ይኼ?»

«አዝማሪ።»

«ገዳይ በዪ!» በሰደፉ ወለሉን ሲደልቀው ልጅቷ ጮኸች።

ጌታነሽ ከጓዳ ወጣች። «ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ልጄን ደም አያስተምሯት!»

«አንቺ ምን ገዶሽ! የሞተው ባልሽ አይደለም?» በጥፊ አጮላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደሙን እንደለመደችው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ልጇን አቀፈች።

ወሰኔ ለአጨዳ ሲወጣ ስልኩን ትቶላቸው ነበር። ሲና ስታየው ትዋል ብሎ ነው።

«ነይ እስቲ፣ ከመጀመሪያው እንየው» አለቻት ጌታነሽ።

ከመጀመሪያው ሲያዩት ሌላ ፊልም ሆነ። ትዕዛዙ እንጨት ይጠርባል፤ የፍየል ቆዳ ይወጥራል፤ የፈረስ ጭራ አንድ በአንድ ይለቅማል።

«ፈረሱን አላመመውም?»

«ቀስ ብሎ እኮ ነው የሚቆርጠው። ጣቶቹን እያቸው። ያን ሌሊት አይተሻቸዋል?»

«አላየሁም።»

«ያላየሽውን አትበዪ እሺ? ሰው ይሞትበታል።»

ይህን የሰማ ጎረቤት ምኑን ተወው! የገዛ ባሏን ገዳይ ታድናለች አሉ። ድሮም ከአዝማሪው ጋር ነገር ነበራት ብለው ያሟትም ነበሩ። ጌታነሽ ሐሜቱን ከቁብ አልቆጠረችውም። በልጇ አፍ ሌላ ደም እንዳይፈስ፣ የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ ለዚህ ስትል እንቅልፍ አጣች።

በቀጠሮው ቀን ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጪ ተሰበሰበ። ትዕዛዙ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሳይደርስ የጌጡ ያጎት ልጆች አገኙት። በዱላ ጉልበቱን ሲሉት ተንበረከከ። ፊቱን ሲሉት ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፋ። መምሬ አፈወርቅ መስቀላቸውን ይዘው መሃል ባይገቡ እዚያው ያልቅለት ነበር።

ሲናን አመጧት። ወሰኔ ከጀርባዋ ቆመ። ጋቢው ስር ጠመንጃው ቀጭ ሲል ጌታነሽ ሰማች።

«የኔ ልጅ፣ አትፍሪ» አሉ መምሬ። «አባትሽን የመታው ይኼ ነው?»

ሲና መጀመሪያ ጠባሳውን አየች። ከዚያ ዝቅ ብላ መሬት የተደገፈባቸውን ጣቶቹን አየች።

«አይደለም። እሱ ማሲንቆ ነው የሚሠራው።»

ጉርምርምታው ተነሳ። «አስጠንታት ነው!» ያለም ነበር። መምሬ አፈወርቅ ወደ ወሰኔ ዞሩ። «ቃልህ ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት!»

ወሰኔ ፊቱ ጠቆረ። ጠመንጃውን ከጋቢው አውጥቶ እያለቀሰ መሬት ላይ ወረወረው። አዝማሪው በግንባሩ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ጌታነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» አለች፤ ማንም ቢሰማት ግድ አልነበራትም።

መምሬ አፈወርቅ ጎንበስ ብለው የሕፃኗን ራስ በመስቀላቸው ዳሰሱ። «እሰይ የኔ ልጅ! በይ እንግዲህ፣ ያየሽው ማንን ነው?»

ሲና ዞር ብላ እናቷን አየች።

«እማዬ፣ የቀረውንም ልንገራቸው?»