ከተዘጋው ክፍል የሚሰማው

እናትየው እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳችም። ኮምፒውተር ጠጋኙ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የመረጃ ማከማቻ ዕቃ ፊቷ አስቀመጠላት። «ማዘር፣ ይኼ ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፤ ድምፅ የሚባል አያውቅም። ይኼ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ብዙ ይይዛል፤ ግን ምራቷን እንደጠላች አማት ሲያጉረመርም ይውላል። ካልሆነም ሁለቱን አጣምሬ እገጥምልዎታለሁ።»

«የሚያጉረመርመውን» አለች ቶሎ ብላ። ልጇ ከሞተች ወዲህ ከክፍሏ የሚሰማው የዲስኩ ቅርር፣ ቅርር ማለት ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩን ታበራና በሩን ዘግታ ሳሎን ሆና ታዳምጣለች፤ ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራ ይመስላታል። ዛሬ ያመጣችውም ዲስኩ አርጅቶ አንድ ቀን ጸጥ እንዳይልባት ስለ ሰጋች ነው። ጠጋኙ ሽፋኑን ከፍቶ ጎንበስ አለና ሳቀ። «ማዘር፣ እዚህ ውስጥ ያለው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ገመዱ እኮ አልተሰካም፤ አቧራው ራሱ አልተነካም። ልጅዎ ኤስኤስዲ አስገብታበታለች፤ ከድሮም የሚሠራው በእሱ ብቻ ነው።» ኮምፒውተሩን አበራው። ጆሮዋን አስጠጋች። ከማራገቢያው ሽውታ በቀር ምንም አልነበረም።

ስልኳ ጠራ፤ ቤት የቀረው ባሏ ነበር። «አንቺ፣ ኮምፒውተሩን ሳትወስጂው ሄድሽ እንዴ? ክፍሉ ውስጥ ቅርር ይላል።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «በሩን አትክፈትባት» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን በጣቷ ወደ ጠጋኙ ገፋችው።

«ዝምተኛው ይበቃኛል» አለች።