አገኘሽው

«እዚህ ጋ ነው» አለ አናጢው፣ እጁን ወደ ኋላ አዙሮ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል እየዳበሰ።

ሸሚዙን ታቅፋ ከመመርመሪያው አልጋ አጠገብ የቆመችው ሚስቱ ክው አለች። ስምንት ወር ሙሉ ያሸችው ወገቡን ነው። ያንን ቦታ አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም።

«እጅህን ዝቅ አድርግ እንጂ!» አለችው። «ምን ነካህ? ወገቤን ነው በላት!»

ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት፣ በሁለት ጣቷ ያሳያትን ቦታ ጫን አለችው። አናጢው «ኡ!» ብሎ የአልጋውን ብረት ጨመደደ።

«እኔን!» አለች ሚስቱ።

«አባባ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?»

«አንድ ትልቅ በር ያነሳሁ ለት። ስምንት ወሩ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ በመሐል ተሽሎዎት ያውቃል?»

አናጢው ሚስቱን በጎን አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። «አንድም ቀን» አለ።

እንግዲህ ይቺ ሚስቱ ወጌሻ ናት፤ ያውም እንዲህ በዋዛ የምትታይ እንዳትመስላችሁ። ክንዱ የወለቀ፣ ወገቡ የተቀጨ፣ አንገቱ አልዞር ያለ ሁሉ ደጇን ይጠናል። ኩራቷ ደግሞ አንድ ነው። ታማሚው ገና አፉን ሲከፍት «ዝም በል! የት እንደሚያምህ እኔ ነኝ የምነግርህ» ትላለች። እጇን ታሳርፋለች፣ ታገኘዋለች። ባሏ በር አንስቶ ጎብጦ የገባ ለትም እንደ ሌላው ሰው አፉን አስያዘችውና ወገቡ ላይ እጇን አሳረፈችበት። «አገኘሽው!» አላት። ፊቷ በራ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በገባ ቁጥር ትቀባዋለች፣ ታሸዋለች፣ እሱም «ተሻለኝ» ይላታል። እግሩ መጎተት ሲጀምር እንኳ ነገሩ አላምር ብሏት «ሐኪም ቤት ብንሄድስ?» ብላው ነበር። «እንዳንቺ ያለ እጅ ቤቴ አስቀምጬ ሐኪም ደጅ ልጠና? ተሻለኝ አልኩሽ እኮ!» ብሎ አሳቃት። አመነችው። ማመን ደስ ይል ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን እግሮቹ ከአልጋ አንወርድም አሉ፤ ጎረቤት ተሸክሞ አመጣው።

ሐኪሟ ጠዋት የተነሳውን የጀርባ ምስል መብራት ላይ ሰቅላ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከሁለቱም ፊት ተቀመጠች። ሐኪም ወንበር ሲስብ ነገሩ ደግ አይደለም።

«አልዋሻችሁም» አለች። «ዕጢ ነው፣ ክፉው ዓይነት። ከሌላ ቦታ ተነስቶ አከርካሪያቸው ላይ ወጥቷል። የእግራቸውን ነርቭ የተጫነው እሱ ነው። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ቢያንስ እግራቸውን እናተርፍ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሥቃዩን እናስታግስላቸዋለን፣ እናቴ። የቀረው ጊዜ ወራት ነው፤ በእነሱም እንዳይሠቃዩ እናደርጋለን።»

ወጌሻዋ ሁለት እጆቿን አውጥታ ለሐኪሟ አሳየቻት፣ ጥፋት እንዳለበት ዕቃ። «ማሸቴ ነው ያባሰው?»

«አይደለም። ማሸትዎ አልጎዳቸውም።» ሐኪሟ ቃል ፈለገች። «ቀኑ ነው የሄደባችሁ።»

አልጋ ላስይዝላችሁ ብላ ወጣች።

ወጌሻዋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስል አልሰማህም? ለዚያ ሁሉ ሰው ስናገር እዚያው ቤት አልነበርክም? ማንን ልታታልል ነው አንተ ሰውዬ?»

«አንቺ ነሻ አትናገር ያልሽኝ» አለ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልወጣለትም። «የመጀመሪያው ቀን አገኘሽው ስልሽ እንዴት ደስ እንዳለሽ ብታዪ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል ከረመ። ደግሞስ የወጌሻዋ ባል ሐኪም ቤት ተሰለፈ ቢባል ማን ደጅሽን ይረግጥልሻል?»

«ደጄ ይዘጋ! አፈር ይብላ ደጄ! አንተን ልጣ ደጅ ብዬ?» ድምፅዋ ተሰበረ። ሸሚዙን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያለችው የአናጢ እርሳስ ጉንጯን ወጋቻት፤ አላነሳቻትም።

ሲወጣላት ቀና ብላ ጀርባውን አየችው። በጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ወገቡ ላይ ያለው ቆዳ ስምንት ወር ቅባት ጠጥቶ ያበራል፤ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷል። ከፍ ብሎ፣ በትከሻዎቹ መካከል፣ ደረቅና ሻካራ ነው። ማንም አልደረሰለትም።

እጇን ወደዚያ ሰደደች። አልተጫነችም፤ መዳፏን ብቻ አሳረፈች።

«እዚህ ነው?» አለች። በሕይወቷ ታማሚ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አገኘ…»

«እንዳትለኝ! በሞቴ፣ እንዳትለኝ።»

ከመዳፏ ሥር ጀርባው መርገፍገፍ ጀመረ።

«ያመኛል» አለ። «በጣም ያመኛል።»

እጇን አላነሳችም።